ከቢሊዮን ሦስት፣ ከሰባት ቤት አንድ

እንጅባራ፣ ጥር 20 ቀን

ውድ ፍቅርአዲስ፣

«ውድ እህቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር። አምስት ዓመት የለመደ እጅ ነውና ሳላዝዘው ጻፈው፤ አይቼ ሰረዝሁት። በንጹሕ ወረቀት እንዳልገለብጠው ወረቀት የለም። ባለሱቁ «ከባሕር ዳር ሲመጣ» ይለኛል፤ ከባሕር ዳር የሚመጣ ነገር ከቆመ ደግሞ ሦስት ሳምንት አለፈው። ስለዚህ ስርዙን እንዳለ ተቀበይልኝ። ለምን እንደ ሰረዝሁት እነግርሻለሁ፤ ጠባይሽን አውቃለሁና ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ እንዳታነቢ ብቻ።

አንቺ ዳንግላ፣ እኔ እንጅባራ። በመካከላችን አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ አስፋልት አለ። በደህናው ጊዜ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎንሽ የተቀመጠው ሰው የልጁን ጉብዝና ተናግሮ ሳይጨርስ «ወራጅ!» የሚባልበት መንገድ ነው። አሁን ተዘግቷል። ኔትወርኩ ከመንገዱ በሁለት ቀን ቀድሞ ሄደ፤ ብልጥ ነው፣ የሚመጣውን አይቶ አስቀድሞ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ባጃጆቹ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ግድግዳ ይዘው ተደርድረዋል። የእኔ ዓለም ከቤቴ እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ቤቴ ሆኗል። ስልኬ የእጅ ባትሪ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኔም ሁለተኛ ዲግሪ ያለው የእጅ ባትሪ ነኝ፤ የማበራለት ሰው የለም።

እንዲህ ታስሬ ባለሁበት ነው የአባትሽ የአቶ አዝመራው ደብዳቤ ትናንት በፈረስ የደረሰኝ። በፈረስ እልሻለሁ! ሰው ጄኔቫ አጠገብ ከምድር በታች ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ቀለበት ቆፍሮ ቅንጣት ከቅንጣት በሚያጋጭበት ዘመን፣ የእናንተ ቤት ጥያቄ በደረሰ ዳማ ፈረስ ኮርቻ ላይ ተንቀባሮ መጣ። መቼም ለፈረሰኞቹ በዓል ከታኅሣሥ ጀምሮ ልጓም የሚወለውለውን ጎረቤታችሁን ደረሰን ማስተዋወቅ አያሻኝም። አስፋልቱን ትቶ በቀርከሃውና በድንች ማሳው መካከል ቆርጦ መጣ።

«መምህር» አለኝ ከፈረሱ ሳይወርድ፣ «እዚህ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ከነገ ወዲያ ማለዳ እመለሳለሁና መልሱን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። አዝመራው በቃልም እንድነግርህ አዞኛል፤ ‹አደራ› ብሎሃል።»

አባትሽ የጻፉትን እዚህ ልገልብጥልሽ፤ ሳያሳዩሽ እንደ ላኩት ገምቻለሁ።

«ልጄ ይኸነው፣ እንደምን ሰነበትህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለፍቅርአዲስ ከመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከሀብቱ ዘንድ ሽማግሌ መጥቷል። ቃል የምንሰጠው ጥር 23 ነው። ዘር የሚቆጥርልን አያ ባንተአምላክ ዐርፏል፤ አጠገቡ ሆነህ ስትጽፍ የኖርህ አንተ ነህ። የሁለቱን ሰባት ቤት በዚህ ወረቀት ጽፌዋለሁ። ዝምድና ይኑር አይኑር አጣርተህ ላክልኝ። ወንድሟ ነህና ከአንተ የሚቀድም ሰው የለም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቆሜ ነበር። ከዚያ ተቀመጥሁ።

ወንድምሽ የሆንሁበትን ቀን ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ የምናስታውሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአንቺ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ አምስት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። ዛሬ የማወጣው እርሱን ነው፤ ከማውጣቴ በፊት ግን ወደ ዘንገና ሐይቅ ልውሰድሽ።

ከባሕር ዳር ተመርቀን የመጣንበት ክረምት ነበር። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እኔ ስለ ሱፐርሲሜትሪ ሰበክሁሽ። አቤት ስብከት! በዓለም ላይ ያለ ቅንጣት ሁሉ አንድ ከባድ፣ ያልታየ አምሳያ አለው አልሁሽ። አንቺ የሒሳብ መምህርት ነሽና በጥሞና ሰማሽኝ። ሰምተሽም፣ «እንግዲያው ያንተ ቅንጣቶች ሁሉ ሚስት አለቻቸው፣ ግን ማንም አይቷት አያውቅም። እንደ ረጅም መንገድ ሹፌር» አልሽ።

ተቆጥቼ ነበር። አንቺ ደግሞ ስቆጣ የበለጠ ትጠይቂኛለሽ።

«ካልታዩ በምን ታውቃለህ?»

«በሞት» አልሁ፣ ድምፄን አወፍሬ። «ቢ ሜዞን የሚባል ቅንጣት አለ። ተወለደ ከማለትሽ ይሞታል። አሟሟቱ ብዙ ዓይነት ነው። ከአንድ ቢሊዮን ሞት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ሁለት ሙዮን፣ ማለትም ሁለት የኤሌክትሮን ታላላቅ ወንድሞች፣ ትቶ ይሞታል። ያልታዩት ከባዶች በእርግጥ ካሉ ውስጥ ለውስጥ እጃቸውን ያስገቡና ይህን ቁጥር ይነካኩታል፤ ያበዙታል፣ ወይም ያሳንሱታል። ስለዚህ እነርሱን አሳደን አንይዝም። ሞቱን እንቆጥራለን። ቁጥሩ ከተጠበቀው ከተዛነፈ፣ የሆነ ያልታየ ዘመድ አለ ማለት ነው።»

«በአጭሩ የቅንጣቶች የእድር ጸሐፊ ነህ።»

«ሳይንስ ነው እኮ ፍቅርአዲስ!»

«ሳይንስ? ይኼማ የአያ ባንተአምላክ ሥራ ነው። ማንም ያላየው፣ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ሰው ስድስተኛው ቤት ላይ ቁጭ ብሎ የዛሬን ሰርግ ያፈርስ የለም እንዴ?»

ሳቅን። ሳቃችን ገና ሐይቁን ተሻግሮ ሳይመለስ፣ «ሽማግሌ ላክ» አልሽኝ። እንዲሁ፣ በዚያው ድምፅ። ዛሬም ድረስ ስለ ቢ ሜዞን ባሰብሁ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚቀረው እርሱ ነው።

ላክሁ። በጥር፣ አጎቴን አያ ባንተአምላክን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የአንቺ ግማሽ፤ የጥርባ አገር ወገኖቼና የእናንተ ቤት አባቶች ተቆጠሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወጡ፣ ስድስተኛው ቤት ላይ ከእኔ በኩል አበረ የሚባል ሰው ተገኘ፣ ከአንቺ በኩል በዛብህ፣ የአበረ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባትሽ አንገታቸውን ደፉ። «ዘመዳሞች ናቸው፣ አይሆንም» ተባለ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «እንግዲህ ወንድሜ ሆንህ» አልሽኝና ሳቅሽ። ወደ ጓሮ ሄደሽ ቆየሽ። ስትመለሺ ፊትሽን ታጥበሽ ነበር። በጥር ብርድ ማንም ሰው ያለ ምክንያት ፊቱን በዚያ ውኃ አይታጠብም።

አሁን የእኔ ግማሽ።

በዚያው ዕለት ማለዳ፣ ወደ እናንተ ቤት ስንመጣ፣ አያ ባንተአምላክ ከሌሎቹ ወደ ኋላ አስቀረኝና እንዲህ አለኝ።

«ስማ ይኸነው፣ ይኼ በዛብህ የሚሉት ይከነክነኛል። የአበረ የጡት ልጅ ነው እንጂ የአብራኩ ክፋይ አይደለም የሚሉ የአዘና ሰዎች አሉ። የጡት ልጅ ከሆነ ደም የለም፤ ደም ከሌለ ምንም የለም። ሁለት ቀን ስጠኝና አዘና ሰው ልኬ ላስጠይቅ።»

ሁለት ቀን! አየሽ የጠየቀኝን? ሰው ለአንድ መታወቂያ እድሳት እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ይመላለሳል።

እኔ ምን አልሁ? «አያ፣ አሁን ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቀርቶ ማጣራት ነውር ነው። በተቆጠረው ይቆጠር» አልሁ። እንዲያውም ነውርን እኔ ለእርሱ አስተማርሁት! አየኝ። ረጅም አየኝ። «አንተ ካልህ» አለና በቅሎውን ኮለኮለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት ቀን ስለ በዛብህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አላስተነፈስሁትም።

ለምን? ኪሴ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበርና ነው። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀር ከአውሮፓ አንድ ዩኒቨርሲቲ «ለዶክትሬት ተቀብለንሃል፣ ስለዚያ ብርቅዬ ሞት ታጠናለህ» ብሎ ጻፈልኝ። ለአንቺ ለመንገር ሞከርሁ፤ አልነገርሁሽም። «ሂድ» ብትይኝ ተሸክሜሽ የምሄድ መሰለኝ። «ቅር» ብትይኝ የምቀር መሰለኝ። ሁለቱንም ፈራሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ አይዋሽም፤ ሌላው ሲሳሳት ዝም ይላል። ስድስተኛው ቤት ላይ የተቀመጠ አንድ ሟች በእኔ ፋንታ «አይሆንም» ሲልልኝ፣ ዕዳውን ለሟች ትቼ ወጣሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ልንገርሽ፤ እንደ ቀለለኝ ነው የተሰማኝ። ከሁሉ የማፍርበት ይኼ ነው፣ በግልጽ ይጻፍ።

እግዚአብሔር ግን የሳይንስ ሰው ነው፤ ሙከራውን አላቋረጠም። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮሮና መጣ። አየር መንገዱ ተዘጋ፣ ኤምባሲው ተዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲው «ለሚመጣው ዓመት» አለኝ፤ በሚመጣው ዓመት «ለሚመጣው ዓመት» አለኝ፤ ከዚያ ማለቱንም ተወ። ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚሁ ይዤ ተቀመጥሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ምን ላይ እንደ ሠራሁት ታውቂያለሽ፤ እየደወልሁ «እህቴ» እያልሁ ስተርክልሽ ኖሬያለሁና። የሦስት ሙከራዎች ውጤት ተደምሮ የሁለቱ ሙዮን ሞት ከተጠበቀው ትንሽ አንሶ ተገኝቶ ነበር። ትንሽ ነው! ስንጥቅ ነው እንጂ በር አይደለም። እኔ ግን በስንጥቋ አሾልቄ ከእነ ከባዶቹ አምሳያዎች ጋር ሰላምታ ተለዋወጥሁ። «ተመልከቺ፣ አሉ!» አልሁሽ በስልክ። «ስንት ምስክር አለህ?» አልሽኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ብዙ ሞት ተቆጠረ፤ ስንጥቋ ተደፈነች። ቁጥሩ ተጠብቆ የነበረውን ሆኖ ቁጭ አለ። አምሳያ ቢኖርም እዚያ የለም።

ይህን ስነግርሽ አልሳቅሽብኝም። «አይዞህ ወንድሜ» አልሽኝ። ያቺ «ወንድሜ» ከስንጥቋ መደፈን ይልቅ እንደ ጎዳችኝ ግን አልነገርሁሽም።

ሱፐርሲሜትሪን እስከ ዛሬ የሙጥኝ ያሉ ሰዎች አሉ። አንዱ ቦታ ተፈልጎ ሲታጣ «ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ ወዲያ ነው» ይላሉ። የሚፈለግበት ሜዳ በየዓመቱ እየጠበበ፣ ቲዎሪው ጥግ ጥጉን ይዞ እየተሸማቀቀ ነው። አልፈርድባቸውም። እኔም «ፍቅርአዲስን እነግራታለሁ፣ ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለሚመጣው ጥር» እያልሁ ነበር። ሜዳዬ እየጠበበ ጠብቦ አሁን አንድ ግቢ ሆነ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ማን እንደ ጠበቀኝ ስሚ።

ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል አባባ ወገኔ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው አሉ። ከአዘና ለዓይን ሕክምና መጥተው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ታሽገው፣ ሊመለሱ ሲሉ መንገድ ተዘጋባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ፀሐይ እየሞቅን፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መንግሥትና ዳንግላ ስላለችው «እህቴ» ስናወራ ከርመናል፤ አንድ ቀን እንኳ ዘር ጠይቄያቸው አላውቅም። መንገዱ እኔን ከእውነት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ቆልፎኝ ኖሯል፣ እኔ ግን «የማነጋግረው ሰው አጣሁ» እያልሁ አማርር ነበር።

ዛሬ ጠዋት የአባትሽን ወረቀት ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። በአንድ በኩል የአንቺ ሰባት ቤት፣ በሌላው የሀብቱ። አጠራሁ። ንጹሕ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ አለ፤ በሀብቱ በኩል አምስተኛው ቤት ላይ «ሸጋ፣ ሴት፣ አባቷ ያልታወቀ» ይላል።

አባቷ ያልታወቀ። ፍቅርአዲስ፣ በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ይህን ባዶ የሚሞላ ሰው የለም። እኔ የጻፍሁት ይጸናል። እርሳሴን አወጣሁ። ከሸጋ ቀጥሎ «የአበረ ልጅ» ብዬ ጻፍሁ።

ሦስት ቃል እንኳ አልሞላም። ሀብቱም እንደ እኔ ወንድምሽ ሆነ። አንድ ሟች ሁለት ሰርግ አፈረሰ። አንድ ጊዜ የሠራ እጅ ሁለተኛ ጊዜ ይቀናዋል። እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ጮክ ብዬ አነበብሁት። «ከሀብቱ በኩል፣ ሸጋ፣ የአበረ ልጅ። ከፍቅርአዲስ በኩል፣ በዛብህ፣ የአበረ ልጅ…»

ከጎን ሳቅ ሰማሁ። አባባ ወገኔ ናቸው። ጋቢያቸው እስኪወድቅ ይስቃሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን አበረ ምን አደረገህ? አገሩን ሁሉ አስወለድኸው እኮ!»

«ቆጠራ ነው አባባ።»

«ዓይኔ ነው የታሰረው፣ ጆሮዬ አልታሰረም። የትኛው አበረ ነው? የጥርባው?»

«አዎን።»

«ሸጋ የግምጃ ቤት አገር ሴት ናት። አባቷ ሰው ሳይሆን ቀርቶ አይደለም፤ ቄስ ነበርና ስሙን ለማንሳት አፍረው ነው። ከጥርባ ጋር አትገናኝም። በዛብህ ደግሞ የአበረ ልጅ ነው ያለህ ማን ነው?»

«አያ ባንተአምላክ ነው የቆጠረው።»

«ነፍሱን ይማረው፣ ደህና ቆጣሪ ነበር። ይኼን ግን አዘና ሳይጠይቅ ነው የቆጠረው። በዛብህ የጡት ልጅ ነው። በክፉ ዘመን ከዳንግላ በኩል የመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር አሉ። አበረ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባው፣ ልጄ ነህ አለው። አለቀ።»

«ይህን እርስዎ በምን አወቁ?»

«ተከራክረውበት! በጃንሆይ ጊዜ የበዛብህ ወገኖች ጥርባ ላይ ርስት ይገባናል ብለው ከሰሱ። አባቴ ምስክር ሆኖ ተጠራ። እኔ ጎረምሳ ነበርሁ፣ የአባቴን በቅሎ ይዤ ደጅ ቆሜያለሁ። ‹የጡት ልጅ በደም ርስት አይገባም› ተብሎ ተፈረደባቸው። ሲጮኹ በቅሎዋ ደነበረችና እግሬን ረገጠችኝ። ይኸውልህ።»

ጫማቸውን አወለቁ። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ፍቅርአዲስ፣ እንዲህ ያለ መረጃ ጄኔቫም የለም!

እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝና አላመንሁም። «አንድ ምስክር አይበቃም» አልኋቸው።

«ጎበዝ። እንግዲያው የታየውን ጠይቅ። የበዛብህ ወገን ጥርባ ላይ አንድ ትልም መሬት ቆርሶ ያውቃል?»

አያውቅም። አባትሽ በጠጡ ቁጥር የሚያማርሩት ይኼው አይደል፤ «የአበረ ዘር ነን፣ ጥርባ ላይ ግን አንድ ክንድ መሬት ደርሶን አያውቅም!» አንቺም እኔም አምሳ ጊዜ ሰምተነዋል። ልጁ ቢሆን ኖሮ የሚታይ ነገር ነበር። አልታየም። በዘንገና ዳር ያስተማርሁሽ ይኼን አልነበረም? ያልታየውን መሬቱ ላይ በተወው ነገር መለካት። ከአንቺ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ሲጮህብኝ የኖረውን መረጃ ትቼ ጄኔቫ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

የቀረችኝን አንዲት መሸሸጊያ ጠየቅሁ። «የጡት ልጅነትስ ጋብቻ አይከለክልም?»

አባባ ወገኔ የታሸገ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ማሩን የጠባው በዛብህ ነው። ለልጁ፣ ለልጅ ልጁ ነውር ነው እንበል። ስድስት ቤት ድረስ የሚደርስ ማር ግን እኔ አላየሁም።» ቀጥለውም፣ «ልጅቱ ‹እህቴ› አይደለችም ያልኸኝ?» አሉ።

«ነበረች» አልሁ።

«እ» አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሽማግሌ ሲራራልሽ ጋቢውን ይሰበስባል። በእርሳስ የጻፍሁትን አጠፋሁት። ምልክቱ አልጠፋም፤ ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል። ለአባትሽ የምልከው ያንኑ ወረቀት ነው፣ ሌላ የለኝም፤ ወደ ብርሃን ካዞርሽው ታነቢዋለሽ። አንብቢው።

አሁን እንደ ሥርዓቱ ውጤቴን ላቅርብ።

ስለ ሀብቱ፤ ዝምድና የላችሁም። ሰባቱም ቤት ንጹሕ ነው። በዚህ በኩል የሚያግድሽ ነገር የለም። ሰውየው ደግሞ፣ ደረሰን ጠይቄው ነበር፣ ደግ ነው አለኝ። ይህን ቃል ስጽፍ ስንት ጊዜ ብዕሬን እንዳነሣሁ አትጠይቂኝ። ይህን በዚያው በአባትሽ ወረቀት ግርጌ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ስለ እኔ፤ የዛሬ አምስት ዓመት የተሰጠው ውጤት ስሕተት ነው። ቆጣሪው አልተሳሳተም፤ ሊያጣራ ሲል የከለከልሁት እኔ ነኝ። ዝምድና የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም። ይህንንም ከዚህ ደብዳቤ በቀደድሁት ግማሽ ወረቀት ለአባትሽ ጽፌዋለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ቢያነቡት ምን እንደምባል አውቃለሁ፣ ይገባኛል። የሀብቱን ውጤት ሳትሰጪ አትቅሪ። ይኼኛውን ግን ብትሰጪም ባትሰጪም ያንቺ ነው። የአያ ባንተአምላክን ስም ብቻ አደራ፤ እርሱ ሁለት ቀን ጠይቆ ነበር።

ሀብቱን እምቢ በይ አላልሁሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ጥር 23 ቃል ስትሰጪ፣ እኔ ያበላሸሁትን ቁጥር ይዘሽ እንዳትሰጪ። «እሺ» ብትይ በሙሉ ዕውቀት «እሺ» በይ። ሌላ ካልሽም እንዲሁ።

መቼም ምን ያህል ተስፋ እንዳለኝ አስልተሽ ይሆናል፤ የሒሳብ ሰው ነሽ። እኔም አስልቻለሁ። ከቢሊዮን ሦስት ቢሆን ነው። ግን ያን ሞት ሰዎች ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲፈልጉት ኖረው፣ «የለም ይሆናል» እየተባለ፣ በመጨረሻ ታይቷል። ብርቅ ነው እንጂ የለም አይደለም። ከሱፐርሲሜትሪ የተረፈኝ ትምህርት ይኼ ብቻ ነው፣ ርካሽ አታድርጊብኝ።

ደረሰ ነገ ማለዳ ይመጣል። ምን እንደ ጻፍሁ መጠየቁ አይቀርም፤ «ሳይንስ ነው» እለዋለሁ። «ሳይንስ ከሆነ ፊትህ ምን ሆነ?» ይለኛል፤ እርሱን ገና አላሰብሁበትም። አባባ ወገኔም በግድግዳው ወዲያ ሆነው፣ «ጨረስህ?» ይሉኛል፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማቸዋል። ዓይናቸው የሚፈታው መንገድ ሲከፈት ነው። የእኔም ሳይሆን አይቀርም።

ደረሰ ለፈረሰኞቹ በዓል ዕለቱን ወደዚህ ይመለሳል፤ ፈረሱ ዳንግላ ሲደርስ ለወትሮው ውኃ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ዛሬ ደረሰን ገበያ አግኝቼ ለምኜው ነበር፤ እናንተ ደጅ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲያርፍ፣ መልስ የምትጽፊ ከሆነ። «ፈረሴ እንዲህ አይደክምም» አለኝ። «ለአንድ ቀን ይድከም» አልሁት።

ወንድምሽ ያልሆነው፣
ይኸነው